በሬዲዮ የሰማነው ውል

የዓሣ መረብ የምትጠግነውን ሴትዮ ሰፈሩ ሁሉ «እቴቴ» ይላታል። አንድ ጠዋት ጠቅላይ ሚኒስትሩ የውጭ መርከቦች በባሕራችን ዓሣ እንዲያጠምዱ ውል መፈራረማቸውን ሬዲዮ ተናገረ። እቴቴ መርፌዋን ወርውራ የምክር ቤት አባል ወደሆነው የወንድሟ ልጅ ቤት ገሠገሠች።

«አንተ ነህ ያጸደቅኸው?»

«እኔም እንዳንቺው በሬዲዮ ነው የሰማሁት፣ እቴቴ። ለምክር ቤቱ አልቀረበም።»

ደሟ ፈላ። «ታዲያ የላክንህ ወንበር እንድታሞቅ ነው? ተነሥ!»

እጁን ይዛ ወደ ወደቡ ወሰደችውና ያንኑ ለዓሣ አጥማጆቹ አስደገመችው። ላብ እያጠመቀው ተናገረ። በማግሥቱ በምክር ቤቱ ተነሥቶ «ውሉ የት አለ?» ቢል ድምፅ ማጉያውን አጠፉበት።

መርከቦቹም መጡ። እቴቴ ወደቡ ላይ ቆማ «እንደ ልጃገረድ ሳይጠይቁን ዳሩን!» እያለች ድምፅዋ እስኪዘጋ ጮኸች።