በቀቀኑ ዝም ያለ ሰሞን

ወፉን ለእናቴ ነው የገዛሁት ብዬ ለሰው ሁሉ አውርቻለሁ። ውሸት አይደለም፤ ግን የእውነቱ ግማሽ ነው። ውሎዬ ሞጆ ደረቅ ወደብ ነው፤ የሰው ዕቃ ከጉምሩክ አስፈታለሁ። ሾፌር ይጮህብኛል፣ ባለዕቃ ይጮህብኛል፣ ስልኬ ሳይቀር ይጮህብኛል። አመሻሽ ላይ አዳማ ስገባ የምፈልገው ዝምታ ብቻ ነው። እናቴ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ብቻዋን ስትውል የተጠራቀመባትን ወሬ ይዛ በር ላይ ትጠብቀኛለች። እናም ከከፋ ቡና ጭኖ የሚመላለስ አንድ ሾፌር፣ ራሱ ላይ ቢጫ ጣል ያለበት አረንጓዴ በቀቀን በሽቦ ቤት ይዞ ሲመጣ፣ «ይሄ ያወራላታል፣ እኔን ትተወኛለች» ብዬ ወሰድኩት። ሰፈሩ ግን «እናቱን እንዴት ቢወዳት ነው!» አለ። እኔም አላረምኳቸውም።

እናቴ የወሎ ሰው ናት። አባቴ ከሞተ ወዲህ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው እላለሁ፤ ቤቱ የእሷ ስለሆነ እውነቱ የተገላቢጦሽ ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ መርሳት ጀምራለች። የድሮውን አይደለም፤ ልጅ ሆና ውሃ የቀዳችበትን ወንዝ፣ የሞቱ ጎረቤቶቿን ጸባይ አንድ በአንድ ታስታውሳለች። የምትረሳው አሁን የጠየቀችኝን ነው።

«ምሳ በላህ ወይ የኔ አባት?»

«በልቻለሁ እማ።»

ጫማዬን አውልቄ ሳልጨርስ «ምሳስ በላህ?» ትለኛለች። ውሃ ስጠጣ ደግማ ትጠይቀኛለች። ያን ጊዜ ቀኑን ሙሉ ሾፌሮች ላይ መልሼ ያልጮህኩት ጩኸት ሁሉ ይወጣል። «ስንቴ ልንገርሽ! በቃ፣ ዝም በይ!» ብዬ ወደ ክፍሌ እገባና በሩን አላጋዋለሁ። በነጋታው ምንም እንዳልተፈጠረ ሆነን እንነሳለን። ትረሳዋለች እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር። መርሳቷ የሚያናድደኝን ያህል ለእንደዚህ ያለው ጊዜ ይመቸኝ ነበር።

በቀቀኑ ግን አይረሳም። አንድ ጠዋት ጥርሴን ስፍቅ ከጀርባዬ አንድ ሰው «ስንቴ ልንገርሽ! በቃ፣ ዝም በይ!» ብሎ ጮኸ። ዞር ስል ማንም የለም። ድምፁ የእኔ ነው፤ ስናደድ መጨረሻው ላይ የምትሰነጠቀዋ ነገር እንኳ አልቀረችም። እናቴ እጇን በቀሚሷ እየጠራረገች ከጓዳ ተጣድፋ ወጣች።

«አቤት ልጄ! ምን አጠፋሁ?»

«እሱ ነው» አልኳት ወደ ሽቦው ቤት እየጠቆምኩ።

«አሃ» አለችና ተመለሰች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንግዳ ሲመጣ የወፉን ቤት በጨርቅ እሸፍን ጀመር። እንቅልፉ እንዳይረበሽ ነው እላለሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የእኔ ግን ከአፌ ወጥቶ አፋፍ ላይ አልቀረም፣ ሳሎን ውስጥ ክንፍ አውጥቶ ተሰቅሏል።

አንድ እሁድ የአባቴ ታናሽ ወንድም ከነሚስቱ ከአሰላ መጣ። አጎቴ ሰው ሲያመሰግን ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው። «እናትህን ብቻዋን ሳትተው ይዘህ በመኖርህ አባትህን አኮራኸው» እያለኝ ሳለ ከጨርቁ ሥር ጉርምርምታ ተሰማ። ወፉ መናገር ሲያምረው መጀመሪያ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሰው ያጉረመርማል። ብድግ አልኩና ለእንግዶቹ ጁስ ልመታ ከቆረጥኩት አቮካዶ ግማሹን አንስቼ በጨርቁ ሥር ወደ ውስጥ ከተትኩለት። ጉርምርምታው ቆመ። መብላቱን በጆሮዬ ሰማሁና ወደ አጎቴ ምስጋና ተመለስኩ።

በነጋታው ወፉ እንጨቱ ላይ አልነበረም። ከሽቦው ቤት ወለል ላይ ላባውን ነፍቶ፣ ዓይኑን ገርበብ አድርጎ ቁጭ ብሏል። ሲተነፍስ ጭራው ከፍ ዝቅ ይላል። እናቴ መስገጃዋን እንኳ ሳታጥፍ አጠገቡ ተቀምጣ በጣቷ ሽቦውን ትዳብሳለች።

«ታመመብኝ ልጄ። አይናገርም።»

መጀመሪያ የተሰማኝ ነገር እፎይታ ነው። «ተገላገልኩ» አልኩ በሆዴ። ቀጥሎ ያ እፎይታ ራሱ አስደነገጠኝና፣ ስደነግጥ የማውቀውን አደረግኩ፤ ጮህኩባት።

«ምን አበላሽው?»

አሰበች። ስታስብ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። «እኔ እንጃ» አለች። «እኔው ሳልሆን አልቀርም።»

የሽቦውን ቤት በነጠላዋ ጠቅልዬ ባጃጅ ያዝኩ። የባጃጁ ሾፌር በመስታወት እያየኝ «ዶሮ ነው? ለየትኛው በዓል ነው?» አለኝ። የእንስሳት ክሊኒኩ ግቢ አቧራና ፍግ ይሸታል። ላም የያዘ፣ በግ የያዘ፣ እግሩ ያበጠ አህያ የያዘ ተሰልፏል። በመሀል እኔ፣ የተተኮሰ ሸሚዜን ለብሼ፣ ነጠላ ታቅፌ። ከወለንጪቲ ፍየል ይዘው የመጡ አንድ ሽማግሌ «አካም ቡልቴ» ብለው ሰላም አሉኝና ጨርቁን ገለጥ አድርገው አዩ።

«አቦ፣ ይሄ ደግሞ ስንት ሊትር ይታለባል?»

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ከኀፍረቴ ጋር አብሬ ሳቅኩ።

«የማን ነው?» አሉኝ ሳቃቸውን ጨርሰው።

«የእናቴ ነው፣ አባባ።»

ፊታቸው ወዲያው ተለወጠ። «የእናት ነው? እንዲያ ከሆነማ ከእኔ በፊት ግባ» ብለው ፍየላቸውን ወደ ኋላ ሳቡ። ፍየሏ ቆማ ትንቀጠቀጥ ነበር። እምቢ ማለት ነበረብኝ፤ ገባሁ።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። «የእኛ ሥራ በሬና ፍየል ነው። ክንፍ ካለው ዶሮ ብናይ ነው» ብላ ፈገግ አለች፤ ግን አላባረረችኝም። ወፉን በፎጣ ይዛ ሆዱን፣ ዓይኑን፣ አፉን አየች። ከዚያ ድሮ ላስተማራት ሰው ስልክ ደውላ ቆየችና ጥያቄ ይዛ ተመለሰች።

«ምን በልቷል? ጨው? ቡና? ቸኮሌት? አቮካዶ?»

የመጨረሻውን ስትጠራ ጆሮዬ ጋለ።

«አቮካዶ ምን ያደርገዋል ዶክተር?»

«ለእነሱ መርዝ ነው። ልባቸውን ይጎዳል። በልቷል እንዴ?»

«እናቴ ትረሳለች» አልኩ። «ምን እንደምትሰጠው እኔ አላውቅም።»

ይህን ያልኩት ዓይኗን እያየሁ ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ሐኪሟ በሐዘኔታ ራሷን ነቀነቀች። ጥቂት ከሆነ የበላው ሊተርፍ ይችላል አለች፤ ሙቀት፣ ጸጥታ፣ ጠዋትና ማታ ጠብታ። ልወጣ ስል «ይናገር ነበር?» አለችኝ።

«አልፎ አልፎ።»

«ምን ይላል?»

«ሰላምታ ነገር።»

«እንግዲህ መናገር ሲጀምር መዳኑን ይወቁ።»

መዳኑን የማውቀው በምፈራው ነገር ነው ማለት ነው። ቤት ስደርስ እናቴን «አቮካዶ በልቶ ነው አሉ» አልኳት። ማን እንደሰጠው አልተናገርኩም። እሷም አልጠየቀችኝም፤ መልሱን ራሷ ወሰደችው። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ወይ እጄን!» አለች። በዚያ ቀን ምሳዋን አልበላችም።

ጠብታውን እሷ ሰጥታ እንደሆነ ስለምትረሳ እኔ መስጠት ነበረብኝ። ወደ ሞጆ ከመሄዴ በፊት በፎጣ ጠቅልዬ እይዘዋለሁ። ያን ያህል ትንሽ ነገር ያን ያህል ይሞቃል ብዬ አላስብም ነበር፤ ልቡ አውራ ጣቴ ሥር ይርገበገባል። አንድ ጠዋት ጠብታውን ቀድቼ ከያዝኩ በኋላ ቆምኩ። ባልሰጠውስ? ማን ያውቃል? ቢሞት እናቴ ረስታ ነው ይባላል። እሷም ታምናለች። ምንቃሩን ከፍቼ ሰጠሁት። ሰጠሁት፣ ግን አስቤዋለሁ። እስከ ሞጆ ድረስ ታክሲ ውስጥ እጄን ጭኔ ሥር አድርጌ ነው የሄድኩት።

ለሁለተኛው ምርመራ እናቴ «እኔም እሄዳለሁ» አለች። የጁምዓ ቀሚሷን ለብሳ፣ የሽቦውን ቤት ጭኗ ላይ አድርጋ ባጃጅ ውስጥ ተቀመጠች። ሐኪሟ ገና «እንደምን ዋሉ እማማ» ከማለቷ እናቴ ጀመረች።

«ጥፋቱ የእኔ ነው ልጄ። እኔ ነኝ ያልሆነ ነገር ያበላሁት። አሁን አሁን ራሴን አላምነውም።»

«አይዞዎት እማማ። አቮካዶ እንደሚጎዳቸው ብዙ ሰው አያውቅም።»

«እኔ ግን አቮካዶ በእጄ የያዝኩ አይመስለኝም ነበር...» ብላ ቆመች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። በእውነት ነበር የምትጠይቀኝ፤ የእሷ ሲከዳት የእኔን ትዝታ ልትዋስ።

«ሰጥቼዋለሁ እንዴ ልጄ? አይተኸኛል?»

ሐኪሟ ታየኛለች። እናቴ ታየኛለች። ወፉ እንኳ ዓይኑን ከፍቷል።

«አላውቅም እማ» አልኩ።

«እንግዲያው ሰጥቼዋለሁ» አለች እናቴ፣ ለራሷ ፈርዳ።

በዕድሜዬ ብዙ ዋሽቻለሁ፤ የእኔ ሥራ ያለ ትንሽ ውሸት አይሄድም። እንደዚያ ቀን ግን ራሴን ተጸይፌ አላውቅም። ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ እጇን ልይዝ ፈለግኩ፣ አፈርኩ።

ወፉ እያገገመ ሄደ። ዘሩን ይፈለቅቃል፣ ላባው ተኛ፤ ብቻ አይናገርም። እናቴ ግን ምግብ እየቀነሰች መጣች፤ ወሬው ሰፈር ደረሰና አንድ ጁምዓ ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ ሊጠይቁ መጡ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ብርቱካን የያዘች አለች፣ ወተት የያዘች አለች። በእኛ ሰፈር ታመመ ከተባለ ይጠየቃል። ቀልደኛዋ ጎረቤታችን ገና ከበር «በሽተኛው የታለ? ብርቱካን ይልጣል ወይስ እንላጥለት?» አለችና እናቴን አሳቀቻት። እኔም ያን ቀን ቤት ነበርኩ። ጨርቄን ይዤ ወደ ሽቦው ቤት ልሄድ ስል «ተው እንጂ፣ ልንጠይቀው መጥተን ትሸፍንብናለህ?» ብላ ከለከለችኝ።

እናቴ ለእነሱም ያንኑ ተናገረች። «እኔ ነኝ ያበላሁት። እርጅና ክፉ ነው።» እነሱም አጽናኗት፤ ከዚያ ምስጋናው ወደ እኔ ዞረ። ለወፍ ሐኪም ቤት መመላለሴ፣ ጠብታውን በእጄ መስጠቴ፣ ለእናቴ ስል። ውሃ የጫነ ትሪ ይዤ መሀላቸው ቆሜያለሁ። ያን ጊዜ ወፉ ከእንጨቱ ጫፍ ወደ ጫፍ ሄደ፣ ላባውን አራገፈ፣ አጉረመረመ። ደርሼ ልሸፍነው ትሪውን የማስቀምጥበት አጣሁ።

ግን የወጣው የእኔ ድምፅ አልነበረም። ቀጭን የሴት ድምፅ ነበር፤ ሰው እንዳይሰማው ወደ ውስጥ የሚነገር፣ ትንፋሽ የበዛበት።

«ያ ረቢ፣ አትያዝበት። ደክሞት ነው። ልጄ ደክሞት ነው።»

አንዴ አለው። ደገመው።

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። «ሱብሃነላህ! ዱዓ ያደርጋል!» አለች አንዷ፤ ሌሎቹም እጃቸውን ዘርግተው በአንድ አፍ «አሚን!» አሉ። የእኛዋ ቀልደኛ ክርስቲያን ናትና «አሜን» አለች። እኔና እናቴ ብቻ አልሳቅንም። እናቴ ሻሿን ወደ ፊቷ ስባ አንገቷን ደፋች፤ የሰው ዕቃ ስትወስድ የተያዘች ይመስል። ወፍ አንድ ቃል የሚይዘው ደጋግሞ ሲሰማው ነው። በሩን ባላጋሁ ቁጥር፣ እኔ ወዲያ ማዶ ትረሳዋለች እያልኩ ስጽናና፣ እሷ ወዲህ ማዶ ስለ እኔ ትለምን ነበር። ምሳ መብላቴን ትረሳለች። ይህን አንድም ቀን አልረሳችም።

ትሪውን መሬት ላይ አስቀመጥኩት።

«አቮካዶውን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አልኩ። ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ጮኸ። «እማ አልሰጠችም። አጎቴ የመጣ ቀን እኔ ነኝ የሰጠሁት፤ ሐኪሟንም እሷንም ዋሸሁ።»

ከዚያ ቀልደኛዋ ጎረቤታችን ዓይኗ እንባ አቅርሮ ወደ ሌሎቹ ዞረች።

«አያችሁ? የእናቱን ጥፋት በራሱ ሊወስድ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ከየት ይገኛል!»

«እውነቴን ነው» አልኩ። «እኔ ነኝ።»

«እናውቃለን፣ እናውቃለን» አሉኝ እየመረቁኝ።

እናቴን አየኋት። ሻሿን ከፊቷ አንስታ ነበር። እጇን ዘርግታ እጄን ያዘችና «አላህ ይስጥህ ልጄ፣ ግን እኔ ነኝ» አለችኝ። እነሱን ነበር ያመነችው።