የሣር ምንጣሮ ልጆች

በእኛ ሸለቆ ሰው በቤተሰቡ ስም አይጠራም፤ የሚጠራው በሚኖርበት እርሻ ነው። ቤክ ሳይድ የሚባለው እርሻ ላይ ያሉት አሮጊት «የቤክ ሳይዷ ሂልዳ» ናቸው። ባላቸው የሞቱ ጊዜ ድንጋይ ጠራቢው መቃብሩ ላይ የሚቀረጸውን ስም ቢጠይቃቸው፣ «ቆይ እስቲ ላስታውስ» አሉ እየተባለ ዛሬም ይሳቅባቸዋል። ዊልፍም እንደዚሁ ዕድሜ ልኩን «የክራግ ኤንዱ ዊልፍ» ነበር። ሌላ ስም እንዳለው የሚያውቁት ፖስተኛውና የበግ መድኃኒት የሚሸጥለት ሰውዬ ብቻ ናቸው።

እሱ ግን ስሙን ያውቃል። ማወቅ ብቻ አይደለም፣ ይኮራበታል። አባቱ በሳንባ ምች የሞተበት ገና ትምህርት ቤት በገባበት ዓመት ስለነበረ፣ የቤተሰቡን ስም አፉን ሞልቶ እንዲጠራ ያስተማረችው አስተማሪዋ ናት። ጋርሰንትዌይት። ሰሌዳው ላይ ሲጽፈው ከዳር እስከ ዳር ይሞላዋል፤ ሌሎቹ ልጆች በሁለት ጭረት ጨርሰው ሲቀመጡ እሱ ገና ግማሹ ላይ ነው። ትርጉሙን የነገሩት ደግሞ ቄሱ ናቸው። የሣር ምንጣሮ ማለት ነው አሉት፤ ከሺህ ዓመት በፊት ከባሕር ማዶ የመጡ ሰዎች ደኑን መንጥረው ለከብቶቻቸው ሣር ያበቀሉበት ቦታ። ቦታው ዛሬም ከክራግ ኤንድ በላይ ተራራው ላይ አለ። የተናደ ካብና አንድ የምድጃ ድንጋይ ነው የቀረው። በዚህ ስም የሚጠራ ሌላ ቦታ በምድር ላይ የለም፣ ሌላ ሰውም የለም።

ዊልፍ አላገባም። ከማዶው ሸለቆ የሚወዳት አንዲት ልጅ ነበረች። ሸለታው ይለፍ፣ ድርቆሹ ይግባ፣ እናቴ ይሻላት ሲላት ሰለቻትና የአናጺ ሚስት ሆነች። እንግዲህ ደን መንጥሮ የጀመረ ስም፣ ያን ሁሉ ክረምትና ያን ሁሉ ረሃብ አልፎ የመጣ ስም፣ ክራግ ኤንድ ውስጥ ሻይ እየጠጣ ሬዲዮ በሚሰማ አንድ ሽማግሌ ላይ ሊያበቃ ነው። ይህ ነገር ዊልፍን ያንገበግበው ነበር። ለማንም አልተናገረውም፤ በእኛ ሸለቆ እንዲህ ያለ ነገር አይወራም። አንዳንድ እሑድ ብቻ ከቤተ ክርስቲያን ይቀርና ወደ ምንጣሮው ወጥቶ የምድጃው ድንጋይ ላይ ይቀመጥ ነበር።

ዴኒዝ የመጣችው በመከር መጨረሻ ነው። ትንሽ ቀይ መኪናዋን በሩ ላይ አቆመችና የከተማ ጫማዋን ከጭቃው ለማዳን እየዘለለች መጣች። አምሳ ዓመት የሚሆናት፣ ፊቷ ሳቂታ ሴት ናት።

«ዴኒዝ ጋስኒት እባላለሁ። ከባሮው ነው የመጣሁት፣ አውቶቡስ ነጂ ነኝ። ሚስተር ጋርሰንትዌይት እርስዎ ነዎት?»

ሚስተር ብሎ የሚጀምር ሰው ደግ ነገር ይዞ እንደማይመጣ ዊልፍ ያውቃልና በሩን ገርበብ አደረገው። «ምን ፈልገሽ ነው?»

እዚያው ቆማ ነገረችው። አባቷ ሮኒ ዕድሜውን በባሮው ወደብ መርከብ መሥሪያ በበያጅነት ጨርሷል። አሁን የሥራው አቧራ ሳንባውን በልቶት ሆስፒታል ተኝቷል፤ ሐኪሞቹ ጸደይን አያይም ብለዋል። ጋስኒት የሚባል ሰው ባሮው ውስጥ ከእነሱ ቤተሰብ በቀር የለም። ሮኒ ገና ከልጅነቱ «ይኼ ደግሞ የየት አገር ስም ነው?» እየተባለ ኖሯል። መርከብ መሥሪያው ውስጥማ ፈረንሳዊ ነው ብለው በፈረንሳዮች አጠራር «ሙሴ» ነበር የሚሉት። እሱም መልስ የለውም፤ አባቱም አያውቅም ነበር። ወንድሟ መርከበኛ ነው። አንድ ጊዜ ኒው ዚላንድ ወደብ ላይ የዳቦ መኪና ጎኑ ላይ «ጋስኒት» የሚል ጽሑፍ አይቶ ሮጦ ደረሰበት። ሾፌሩ ሲወርድ ጆሮው የአባቷን ጆሮ ቁርጥ ነው፤ ግን ያም ሰው ከየት እንደመጣ አያውቅም።

«ባለፈው ሰሞን ታዲያ አንድ ተራራ ወጪ መጨረሻው ፌርማታ ላይ ካርታውን አውቶቡሴ ውስጥ ዘረጋው። እንዲሁ ዓይኔን ስጥል አንድ ስም አየሁ፤ ከናንተ በላይ ባለው ቦታ ላይ። አሳጥረው ቢጠሩት እኮ የኛ ነው! ፖስተኛችሁን ብጠይቀው ወደ እርስዎ ላከኝ። አባቴ ሆስፒታል ተኝቶ ‹ከየት ነን?› ይለኛል፣ አባት። ሌላ ምንም አይጠይቀኝም። መልስ ሳልይዝለት ቢሞትብኝ ምን ይውጠኛል?»

ዊልፍ አዘነላት። ግን ስሙ ላይ ቀልድ አያውቅም። «ተሳስተሻል ልጄ። ያንቺ ጋስኒት ነው፣ የኔ ጋርሰንትዌይት ነው። ሌላው ግማሹ የት ሄደ?»

«መንገድ ላይ ጥለነው ይሆናላ!»

ሊስቅ ፈልጎ ዋጠው። «እንዲህ ያለ ነገር አይጣልም። እኛ አንድ ቤት ነን፤ ከቤቱም የቀረሁት እኔ ነኝ። ሌላ የለም።»

«እሺ ቦታውን ብቻ ያሳዩኝ። ቢያንስ አየሁት እለዋለሁ።»

ያን መከልከል ነውር ነው። ዊልፍ ውሻውን ጠራና አብረው ወጡ። የመንገዱን ዳር የድንጋይ ካብ ይዘው፣ እሱ ፊት ፊት፣ እሷ ረግረጉን እየዘለለች ከኋላ። አጋማሹ ላይ ሲደርሱ ጉሙ ከላይ መውረድ ጀመረ። ለእኛ አዲስ አይደለም፤ ዊልፍ ወደ ኋላ ሳይዞር «ካቡን ይዘሽ ተከተዪኝ!» አለና መንገዱን ቀጠለ። እሷ ግን አንድ ጫማዋን ረግረጉ ውጦባት ጎንበስ ብላ ስትጎትት ቆይታ፣ ቀና ስትል ካቡም የለ ዊልፍም የለ። በዙሪያዋ ነጭ ብቻ ነው።

ዊልፍ እሷ አለመከተሏን ያወቀው ምንጣሮው ጫፍ ላይ ሆኖ ነው። ዞሮ ሊጣራ አፉን ከፈተ። ከመጣራቱ በፊት ግን ከጉሙ ውስጥ ድምፅ መጣ።

«ሆዪ-ላው! ሆዪ-ላው-ኦ!»

ዊልፍ ክው አለ።

በእኛ ሸለቆ እያንዳንዱ እርሻ በጎቹን የሚጠራበት የራሱ ጥሪ አለው። ተራራው የአንዱን በግ ከሌላው የሚለይ አጥር የለውም፤ የሁሉም በጎች ተቀላቅለው ይግጣሉ። ክረምት ላይ ድርቆሽ ይዞ የወጣ ሰው ሲጣራ ግን የእሱ በጎች ብቻ ተለይተው ይመጣሉ። ግልገል ከእናቷ ትማረዋለች፣ ልጅ ከአባቱ። ለሌላ ሰው አይሰጥም፤ የሌላውን ጥሪ መጥራትም እንደ ስርቆት ነው የሚታየው። ሆዪ-ላው የክራግ ኤንድ ነው። መጀመሪያ ከፍ ይላል፣ መሐሉ ላይ ይሰበራል፣ መጨረሻው ወደ ታች ይወድቃል። ዊልፍ ከአባቱ የቀረው ነገር ቢኖር እሱ ነበር። አሁን ያቺው ስብራት፣ በዚያው ቦታዋ፣ ከማያውቃት ሴት ጉሮሮ ወጣች። አባቱ ከሞተ ወዲህ ይህን ጥሪ ከራሱ አፍ በቀር ከማንም ሰምቶት አያውቅም። ካቡን ያዘ።

ከዚያ በጎቹ መጡ። ከላይም ከታችም፣ ከድንጋዩ ሥርም፣ ጉሙን እየቀደዱ፣ እየጮሁ፣ ዊልፍን አልፈውት ወደ ድምፁ ወረዱ። የሌላ እርሻ በግ አንድም አልነበረባቸውም። ተከትሏቸው ሲደርስ ዴኒዝ ባንድ እግሯ ጫማ፣ ባንድ እግሯ ካልሲ ቆማ፣ በበጎች ተከባ ቦርሳዋን ወደ ላይ ይዛ ትጮኻለች።

«ይያዙልኝ! ሳንድዊቼን ሊበሉብኝ ነው!»

«ማን ነው ያስተማረሽ?» አለ ዊልፍ። ድምፁ እንግዳ ሆነበት።

«ምኑን?»

«አጠራሩን!»

«እሱማ የአባቴ ነው፤ ጠፍተን ስንቀር የሚጠራን እንዲህ ነበር። እራት ሲደርስ መንገዱ ጫፍ ላይ ቆሞ ሲለቀው ሰፈሩ በሙሉ ይስቅብን ነበር፤ በሃፍረት እሞት ነበር። እሱን አያቴ እንደዚያ ይጠራው ነበር አሉ፤ አያቴን ደግሞ የእሱ አባት። ምነው አባት፣ ምን ሆኑ? እያለቀሱ ነው እንዴ?»

«ጉሙ ነው» አለ ዊልፍ። ጉሙ አልነበረም። የሚያስበው ይህን ነበር፦ እነዚህ ሰዎች በግ የላቸውም። በመርከብ መሥሪያ ጭስ ሥር፣ ግድግዳ ለግድግዳ በተጣበቁ ቤቶች ውስጥ፣ በግ በሌለበት የበግ ጥሪ ከአባት ወደ ልጅ ሲቀባበሉ ኖረዋል። ተራራው ላይ ደግሞ በጎቹ ከእናት ወደ ግልገል ሲቀባበሉት ኖረዋል። ሁለቱም ወገን አንድ ነገር ሳይጥል፣ ሳያዛባ እዚህ አደረሰው። ዊልፍ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ብዙ ተቀምጧል፤ እንዲህ ራሱን ገልጦ መቆም ያማረው ግን የዚያን ቀን ነው። ባርኔጣውን አወለቀም።

ሲወርዱ በቀጥታ ወደ ቤክ ሳይድ ወሰዳት። ሂልዳ ዘጠናን አልፈዋል፤ የሚያዩት ትንሽ ነው፣ የሚረሱት ግን ከዚያ ከባላቸው ስም በቀር የለም። ዊልፍ ነገሩን ተናግሮ ሳይጨርስ ሳቁበት።

«ጋስኒት! ይኼን ቃል ከሰማሁ ስንት ዘመኔ! አባትህ እኮ ራሱን ሌላ ብሎ አያውቅም፣ አንተ ደንቆሮ። ‹ጋስኒት ነኝ› ነበር የሚለው። ማን ያን ሁሉ ጎትቶ ይጨርሳል? በረዶ ላይ ቆመህ?»

«አስተማሪዋ ግን…»

«አስተማሪዋ የሎንዶን ልጅ ነበረች! የተጻፈውን ነው ያነበበችልህ። አንተን ደግሞ ሁላችን የክራግ ኤንዱ ስንልህ ማን ያርምህ?» ወደ ዴኒዝ ዞሩ። «ያንቺ ሰው ታናሽየው ነው የሚሆን። ሁለት ወንድማማች ነበሩ ሲሉ እሰማ ነበር፤ እርሻው ለሁለት አይበቃም፣ ታናሹ መርከብ ሊሠራ ወረደ። መጻፍ መቼ ያውቃል፤ ስምህ ማነው ሲሉት ጋስኒት አላቸው፣ እነሱም የሰሙትን ጻፉ።»

ዊልፍ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። የቀሩት ጽሕፈቱን ይዘው ድምፁን አጡ፤ የሄዱት ድምፁን ይዘው ጽሕፈቱን አጡ። ብቻዬን ነኝ ሲል፣ ስሙ ለካ ከፊቱ ቀድሞ ባሕር ተሻግሮ ከምድር ማዶ ዳቦ ያከፋፍላል። ይህን ሲያስብ የተሰማው ግማሽ ደስታ ነበር፣ ግማሹ ፍርሃት የመሰለ ነገር።

በማግስቱ ሱፉን ለብሶ በዴኒዝ መኪና ባሮው ወረደ። ሮኒ አልጋው ላይ በትራስ ተደግፎ፣ አፍንጫው ላይ ቱቦ ተሰክቶለት ነበር። ዊልፍ በሩ ላይ ሲቆም ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። ጆሯቸው አንድ ነው። ዊልፍ ሳያስበው የራሱን ጆሮ ዳሰሰ።

«አየኸው ቦታውን?» አለ ሮኒ፤ በየቃሉ መሐል አየር ይስባል።

«እሱ ላይ ነው ያደግሁት።»

«ምን አለ እዚያ?»

«ምንም የለም። ሣር ነው።»

«ጥሩ ሣር?»

«በሸለቆው ከሱ የሚሻል ሣር የለም። ስምህም እሱው ነው፤ የሣር ምንጣሮ ማለት ነው። ደኑን የመነጠርነው እኛ ነን።»

ሮኒ ዓይኑን ጨፈነ። ሳቅ መጣበትና ሳል ሆነበት፤ ዴኒዝ ቀና አድርጋ ያዘችው። «ዕድሜ ልኬን ሙሴ ሲሉኝ» አለ ሲመለስለት፤ «እኛ ነን በለኛ! እኛ ነን የመነጠርነው!» ደግሞ እንዲነግረው ጠየቀ፤ ዊልፍ ደግሞ ነገረው። ካቡን ነገረው፣ ምድጃውን ነገረው፣ በጎቹ ዴኒዝን እንዴት እንደከበቧት ነገረው። ሮኒ የበጎቹን ሲሰማ አለቀሰ፤ ዕንባውንም አልደበቀም።

የጠያቂዎች ሰዓት ሲያልቅ ነርሷ ገባች። ወጣት ናት፣ ተረኛነቷን ገና መጀመሯ ነው። «ይቅርታ አባባ፣ ከዚህ በኋላ ማምሸት የሚችለው ቤተሰብ ብቻ ነው።»

ዴኒዝ ልትናገር አፏን ስትከፍት ዊልፍ ቀደማት። «ቤተሰብ ነኝ።»

«እሺ፣ ስምዎን ልመዝግብ።»

«ዊልፍ ጋስኒት።»

ሮኒ ራሱን ከትራሱ ቀና አደረገ። ነርሷ ጽፋ ጽፋ ቆመች። «ይቅርታ፣ እንዴት ተብሎ ነው የሚጻፈው?»

«እንደሚጠራው ጻፊው፣ ሲስተር» አለ ዊልፍ፤ ወንበሩንም ወደ አልጋው አስጠጋ።