በግራዋ የታጠበው ወንበር

ፍኖተ ሰላም ላይ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ባለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ሳሎን ውስጥ ጠረጴዛ ነበረ፤ ግን አይታይም። ወንበሮችም ነበሩ፤ እነሱም አይታዩም። ጥግ ላይ የቆመው መብራት ግንዱም ቆቡም እንዲሁ ነበር። አዲስ ሰው ከደጅ ሲገባ ቤቱ ባዶ ይመስለውና ደረቱን ነፍቶ ይራመዳል፤ ወዲያው ጉልበቱን ይዞ ያጎነብሳል። ይኼኔ የቤቱ ሠራተኛ ሲሳይነሽ ከጓዳ ብቅ ትልና «ጠረጴዛው ነው» ትላለች። ድምፅዋ ውስጥ ማዘንም መሳቅም የለም። ለስንቱ ጉልበት አዝና ትችለዋለች።

ዕቃው ፕላስቲክ ነው። ያመጡት ሰው «አክሪሊክ» ይሉት ነበር፤ አገሩ ግን መስተዋት ብሎት ቀረ። ሰውየው አቶ አድማሴ የሚባሉ የቡሬ የኑግ ነጋዴ ናቸው። ከአብዮቱ በፊት፣ ኑጉ በደንብ በሄደበት ዓመት፣ አሥመራ ዘልቀው አንድ ጣሊያን ሱቅ ውስጥ አዩትና ልባቸው እዚያው ቀረ። ፍኖተ ሰላም ላይ ለሠሩት አዲስ ቤት ማሳመሪያ ብለው በጭድ አስጠቅልለው በጭነት መኪና አስመጡት። ጭዱ ሲገለጥ ሚስታቸው እመት ታንጉት ቆመው ነበር አሉ። አዩ፣ አዩ፣ ከዚያ «ጭዱንስ ለበሬ እንሰጠዋለን፤ ዕቃው መቼ ይደርሳል?» ብለው ጠየቁ።

ለቤቱ ምርቃት የተጠራው ሰው አንድ ዓመት ሙሉ የሚያወራው አገኘ። ጠረጴዛው ላይ የቀረበው ድፎ ዳቦ አየር ላይ የተንጠለጠለ መሰለ። እህል ደግሞ ከዓይን ይሸፈናል፤ ይህን የማያውቅ የለም። ከላይ ነጠላ ጣል ይደረግበታል፤ ከሥር ግን በጠረጴዛው አልፎ ለሚያይ ዓይን ምን ይደረጋል? እንግዳው ሁሉ ሳህኑን እያነሣ ጉልበቱ ላይ ይዞ በላ። ሴቶቹማ ወንበሩን ዞር ብለው አዩትና ቀሚሳቸውን ሰብስበው መሬት ቁጭ አሉ። የደብሩ መሪጌታ በመቋሚያቸው ነካ ነካ አድርገው ወንበሩ መኖሩን ካረጋገጡ በኋላ «ግዴለም፣ መቆም ልማዳችን ነው» አሉ።

የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ፣ አቶ አድማሴ የሚኖሩበት የቡሬው ቤት ቀረላቸውና የፍኖተ ሰላሙ ሄደ። ቁልፉን ሲያስረክቡ «ወንበር አለው ወይ?» ቢሏቸው «እስቲ እናንተ ፈልጉ» አሉ ተባለ። ይህን ያሉት አቶ አድማሴ ይሁኑ ወይ የጠላ ቤት ሰው ያለላቸው ይሁን እንጃ። እውነት የሆነው፣ ዕቃው ከቤቱ ጋር መቅረቱ ነው። ምግብ አብሳያቸው ሲሳይነሽም ከዕቃው ጋር ቀረች። ቤቱ ለሥራ የሚመጡ ሰዎች ማደሪያ ሆነ፤ ለእሷም ባለ ቤቱ ተለወጠ እንጂ ሥራው ያው ሆነ።

ሥራው ማለት መወልወል ነው። የእንጨት ጠረጴዛ ለሰው ያዝናል፤ አቧራውን ትንሽ ትንሽ ይደብቅልሻል። ያ ዕቃ ግን አይደብቅም። ጣት የነካው ይታያል፤ ዝንብ ያረፈበት ይታያል፤ ከሥር ያለው አቧራ ከላይ ይታያል። በደረቅ ጨርቅ ካሹት ደግሞ አቧራውን ወደ ራሱ ይስባል። አቶ አድማሴ ድሮ «በርጥብ ለስላሳ ጨርቅ ብቻ፣ ቀስ ብለሽ፣ እንደ ሕፃን» ብለዋት ነበር። እሷም እንደ ሕፃን ስታጥበው ኖረች። ሕፃን እንኳ ያድጋል። ሀብትነሽ፣ አንድዬ ልጇ፣ አድጋ ሽንዲ ተድራ ሄደች፤ ዕቃው ግን እዚያው ነው።

ጉልበቷ መንቋቋት ሲጀምር ሲሳይነሽ ሥራውን ልትተው ፈለገች። ልጇም «እባክሽ ነይ፣ ከእኔ ጋር ተቀመጪ» ብላ በመጣ በሄደ ሰው ትልክባታለች። መቀመጥ የሚለው ቃል እንደ ማር ጣፈጣት። ቤቱን ለሚያስተዳድረው ለጓድ ገደፋው ነገረችው። ገደፋው ከደብረ ብርሃን የመጣ፣ በልጇ ዕድሜ ያለ፣ ክፉ ያልሆነ ግን ሁልጊዜ የሚጣደፍ ሰው ነው።

«እማማ ሲሳይነሽ፣ ለአብዮት በዓል ከክፍለ ሀገር ትልቅ እንግዳ ይመጡብናል» አላት። «ቤቱን ያሳምሩልኝ። እንግዳው ደስ ብሏቸው ይሂዱ እንጂ እርስዎም በማግስቱ ሽንዲ ነዎት።»

«ደስ ባይላቸውስ?»

«ያኔ ይቆያሉ። ዕቃው እንዳይበላሽ ብቻ። የሰፊው ሕዝብ ንብረት ነው፤ ያስጠይቃል።»

«ሰፊው ሕዝብ አንድ ቀን መጥቶ ቢቀመጥበት ጥሩ ነበር።»

ገደፋው ይህን አልሰማም፤ ወይም አለመስማቱ ተሻለው።

እንግዲህ ሲሳይነሽ ለመጨረሻ ጊዜ ነው ብላ ልቧን ሞላች። ለስላሳው ጨርቅ አልበቃ አላት። ነገ ትቼው ለምሄድ ዕቃ፣ አለች፣ እጄን ልስጠው። ከአጥሩ ግራዋ ቆርጣ፣ አመድ በወንፊት ነፍታ፣ ብርሌ እንደሚታጠበው፣ ጋን እንደሚፈተገው፣ ጠረጴዛውንና መብራቱን፣ ከአራቱም ወንበሮች ሁለቱን ፈተገቻቸው። ውሃ ስታፈስበት ዕቃው እንደዚያ ጠርቶ አያውቅም። ግቢው ውስጥ የቆመው ውሃው ይሁን ወንበሩ ለመለየት አስቸገረ። ወገቧን ይዛ ቀና አለችና የዛሬውን ድካም እንኳ ወደደችው።

ከዚያ ፀሐይ ወጣች፤ ዕቃው ደረቀ፤ ደርቆም ነጣ። የዳመነ ዓይን መሰለ።

ጎረቤቷ ካሳነሽ በአጥሩ ቀዳዳ ስታይ ቆይታ ኖሮ ሳትጠራ መጣች። ካሳነሽ ማለት ወሬ ሳይጠራት የምትደርስ ሴት ናት።

«ምን አበላሸው?»

«ግራዋና አመድ።»

«ሞራ ለበሰልሽ እኮ። እስቲ ውሃ ድገሚው።»

ውሃ ደገሙት፤ ጠራ። ደረቀ፤ ነጣ። ደገሙት። እንደገና ያው ሆነ።

«እንግዲህ እንግዳው እስኪሄዱ እያረጠብሽ ማቆየት ነው» አለች ካሳነሽ፤ «ሱሪያቸው ደግሞ ፀሐይ ላይ ይደርቃል።»

«አትሳቂብኝ። ሽንዲ ልሄድ ነበር።»

ካሳነሽ ይህን ስትሰማ ሳቋን ዋጠችና አብራት ቁጭ አለች። «እኔ ጠጉሬ ሲደርቅ ምን አደርጋለሁ? ቅቤ ቀቢው» አለች። የአንዱን ወንበር እግር ቅቤ ቀቡት። እውነትም ጠራ። ካሳነሽ ልትመረቅ ምንም አልቀራት። በማግስቱ ግን አቧራው እግሩ ላይ ተለጥፎ፣ ጉንዳን ከበር ጀምሮ በሰልፍ መጥቶበት ተገኘ። ሲሳይነሽ ጉንዳኑን እየጠረገች «የእኔ ሰልፍ ተጀመረ» አለች። በዓሉ ደርሷል፤ ልጇ ትጠብቃለች፤ የሚያስጠይቀው ዕቃ ደግሞ አንድ ዓይና ሆኖ ተቀምጧል።

«ዳንቴል አልብሺው» አለች ካሳነሽ በመጨረሻ።

ያን ጊዜ ዳንቴል የሌለበት ቤት አልነበረም። ራዲዮኑ ይለብሳል፣ ሶፋው ይለብሳል፣ የብርጭቆ ማስቀመጫው ይለብሳል። ጨዋ ዕቃ ራቁቱን አይቆምም። ካሳነሽ መንደሩን ዞራ የየቤቱን ዳንቴል ሰበሰበች። የመምህሩ ሚስት እህተ ማርያም የራዲዮናቸውን ልብስ ሳይቀር አውልቃ ሰጠች፤ ባሏ ዜናውን በራቁት ራዲዮን አዳመጠ። ጠረጴዛው እስከ መሬት ሽፋን ለበሰ። አራቱም ወንበሮች፣ የነጡትም ያልነጡትም፣ ከጀርባ እስከ እግር ተሸፈኑ። የመብራቱን ግንድ የአበባ ጥልፍ አስታጠቁት፤ ቆቡ ብቻ ሙቀቱ ጨርቅ እንዳያቃጥል ተብሎ እንደ ነጣ ተተወ።

እንግዳው ሰልፉ ካለቀ በኋላ መጡ። ሽበታም፣ ቀኑን ሙሉ መድረክ ላይ የዋሉ፣ ጫማቸው የጠበባቸው ሰውዬ ናቸው። ገደፋው በር ላይ «ይጠንቀቁ፣ ጠረጴዛ» ሊል አፉን ሲከፍት እሳቸው በቀጥታ ሄደው ወንበሩ ላይ ዘጭ አሉ። ሳይዳብሱ፣ ሳያዩ። ሲሳይነሽ ጓዳ በር ላይ ትሪ ይዛ ቀረች። በዚያ ቤት ማንም እንዲያ ሲቀመጥ አይታ አታውቅም።

በሉ። ሳህኑ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ በሉ። አመሻሽ ላይ የከተማው ጀነሬተር ሲነሣ መብራቱ በራ፤ ድሮ በዚያ በጠራ ቆብ ወጥቶ ዓይን ይወጋ የነበረው አምፖል በነጣው ውስጥ እንደ ጨረቃ ለዘብ አለ። እንግዳው ጫማቸውን ፈተው «ይህ መብራት ደስ ይላል፤ ሰው ላይ አያፈጥም» አሉና እዚያው ወንበር ላይ አንቀላፉ።

በማግስቱ እንግዳው ሲሸኙ ገደፋው ፊቱ አብርቶ ተመለሰ። ሲሳይነሽ ጥቅልሏን አስራ በር ላይ ትጠብቀዋለች።

«እማማ፣ አኮሩኝ። ሰውዬው ምን እንዳሉ ያውቃሉ? ሌሎችንም እዚህ እልካለሁ አሉ።»

«እሰይ። እንግዲህ እኔ ልሂድ።»

«እንዴት ይሄዳሉ? እርስዎ ከሄዱ ይህን ቤት እንዲህ ማን ያሰናዳዋል?»

ሲሳይነሽ ጥቅልሏን መሬት አስቀመጠች። አልተቆጣችም፤ ለቁጣ የሚሆን ጉልበት አልተረፋትም። ቢበላሽ ትቆያለሽ ተብላ ነበር፤ ይኸው አምሮም ቆዪ ተባለች። ወደ ሳሎኑ ገብታ የአንዱን ወንበር ዳንቴል ከላይ እስከ ታች ገፈፈችው።

«ይኸውልህ ልጄ። አበላሽቼዋለሁ። በአመድ ፈትጌ ሞራ አልብሼዋለሁ። ጠረጴዛውንም፣ መብራቱንም። የሚያስጠይቅ ከሆነ ጠይቀኝና አሰናብተኝ።»

ገደፋው ጎንበስ ብሎ አየው። በእጁ ዳሰሰው። ዞሮ የመብራቱን ቆብ አየ፤ እንግዳው ያመሰገኑትን። ከዚያ ያልተፈተጉትን ሁለት ወንበሮች ገለጠና፣ አለመታየታቸውን አይቶ፣ ጉልበቱን ሳያውቀው አሸት አሸት አደረገ። እሱም ከመጣ ጀምሮ ስንቴ ተመትቷል።

«እነዚህስ ለምን ቀሩ?» አለ።

«ምን?»

«እነዚህንም ያድርጓቸው እንጂ። ይህኛው እኮ ይታያል።»

ሲሳይነሽ የገፈፈችውን ዳንቴል አጣጠፈች። ሳቅ መጥቶባት ነበር፤ እሱም ደከማትና ተመለሰ።

«እጄ አልችል ብሏል። ላሳይህና አንተ ፈትገው። ከቻልክበት እኔ ምን እሠራልሃለሁ?»

ገደፋው መንገዱን አየ፣ ወንበሩን አየ፣ ቃሉንም ያስታወሰ መሰለ። «ካሳዩኝ ይሄዳሉ» አለ።

ግራዋውን ቆርጣ ሰጠችው። አመዱን ነፍታ አቀረበችለት። ጓድ ገደፋው ኮቱን አውልቆ፣ እጅጌውን ጠቅልሎ፣ ግቢው መሃል ተንበርክኮ መፈተግ ጀመረ። ካሳነሽ አጥሩ ጋ ተተክላለች፤ ያ ወሬ ከቀትር በፊት ቡሬ ሳይደርስ አልቀረም።

ሲሳይነሽ የነጣውን ወንበር ወደ ጥላው አወጣችው። ያን ሁሉ ዘመን ስታጥበው አንድ ቀን ተቀምጣበት አታውቅም። ቀስ ብላ፣ በእጇ ይዛ፣ ወረደችበት። ቻላት። ጥቅልሏን ጭኗ ላይ አደረገች። የቡሬው መኪና የሚያልፈው ከሰዓት ነው፤ ከዚያ ወደ ሽንዲ ሌላ መኪና ይገኛል። እስከዚያ ጀርባዋን ደገፍ አደረገችና ዓይኗን ከደነች።

«እማማ፣ ይህ በቃው?» አለ ገደፋው ከወንበሩ ሥር ሆኖ፣ ላቡን በክንዱ እየጠረገ።

ዓይኗን ሳትገልጥ «ገና ነው» አለችው። «ከሥሩም አለ።»