ሁለተኛው ጉርሻ

እኔ ብዙ ፊደል የቆጠርኩ ሰው አይደለሁም፤ ታላቅ እህቴን እትዬን ግን በአንድ ነገር ላስታውሳት። ከማዕድ አብሯት የቀረበን ሰው ሁሉ፣ የማታውቀውንም ቢሆን፣ ታጎርስ ነበር።

አምና ልጇ እሷን ከምትኖርበት ከላንድማርክ፣ እኔን ከምኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ይዛ ጣልያን አገር፣ ወይን ወደሚበቅልበት ኮረብታ ለቱር ወሰደችን። እንዴት ደስ እንዳለን! አስጎብኚዋ፣ «ወይን ጠጁን ቅመሱና ባልዲው ውስጥ ትፉት» ስትል እትዬ ደነገጠች።

«ባለቤቱ ፊታችን ቆሞ? እንትፍ ልንልበት? ጠጣ አንተ!» አለችኝ።

ታዝዤ ጠጣሁ። እሷም ዳቦውን በአይብ ጠቅልላ ሽማግሌውን የወይኑን ባለቤት አጎረሰችው። አፉን ሊጠርግ ሲል፣ «ገና ነው! አንድ ጉርሻ ያጣላል በዪው» ብላ ልጇን አስተርጉማ ደገመችው። ነገሩ ሲገባው ሳቁ ኮረብታውን ሞላው። ስንለያይ፣ «ለከርሞ እንመጣለን በዪው» አለች።

ዓመቱ ሳይዞር እትዬ አረፈች። ቃሏን ልንፈጽም ዘንድሮ እኔና ልጇ ሄድን። ሐዘን ላይ ሆኜም መንገዱን ሁሉ ልቤ እንደ ልጅ ሲዘል ነበር። በአስጎብኚዎቹ አውቶቡስ፣ አምና እትዬ የተቀመጠችበት የመስኮት ዳር ወንበር ባዶ ነበር፤ ቦርሳዬን እንኳ አላስቀመጥኩበትም።

ሽማግሌው ገና ሲያየን እጁን ዘርግቶ መጣ፤ ከኋላችን በዓይኑ ፈለጋት። ልጇ ስትነግረው ባርኔጣውን አወለቀ። እኔ ዳቦውን በአይብ ጠቅልዬ አጎረስኩት።

ዋጠና፣ እንባው እየወረደ፣ አፉን መልሶ ከፈተ።