እሱ ደክሞት፣ እኔ እንቅልፋም

የልጅ ልጄ እንግሊዝኛዋን የምታጠናው ጮክ ብላ ነው። ባለፈው እሁድ ከሰዓት፣ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ ተቀምጣ፣ ፈረንጆች በዕለት ተዕለት ወሬያቸው ድንገት እንቅልፍ የጣለውን ሰው ምን እንደሚሉት ትሸመድድ ነበር። አንደኛው አባባል እንደ አምፖል ድርግም አለ ማለት ነው አለችኝ። ሌላኛው ደግሞ ግድግዳ እንደገጨ መኪና።

"ይሄ የሚባለው ለወንድ ነው ለሴት?" አልኳት።

"ለሁሉም ነው እማማ። ምን ለየው?" ብላ ሳቀች።

እኔ አልሳቅሁም። ኦቾሎ በምትባል መንደር ሳድግ የወንድና የሴት እንቅልፍ አንድ ስም አልነበረውም።

ወንድሜና እኔ የምንማረው አንድ ክፍል ነበር። እሱ ማታ ከአባታችን ጋር ሸማ ይሠራል። እኔ ጥጥ እፈትላለሁ፤ ጎህ ሳይቀድ ደግሞ ከገደሉ ሥር ውሃ እቀዳለሁ። መንደራችን ተራራው አናት ላይ ስለሆነ ባዶ እንስራ ይዞ መውረዱ ቀላል ነው፤ ጉልበት የሚጨርሰው መውጣቱ ነው። ክፍል ስገባ ጀርባዬ ገና እርጥብ ነበር። የጭቃው ግድግዳና የጠመኔው ሽታ ሲቀላቀል ዓይኔን ይከድነዋል።

አንድ ቀን ሁለታችንም አንድ ዴስክ ላይ ተደፍተን ተኛን። መምህሩ ወንድሜን አዩና "ተዉት፣ ደክሞት ነው" አሉ። እኔን በማስመሪያ ቀሰቀሱኝ። "እቺ እንቅልፋም! መዘረሪያ አጣሽ?" ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤት ደረሰ። አባቴም ከማግስቱ ጀምሮ ትምህርቱን ትቼ ቤት እንድፈትል ወሰነ።

"እሱም እኮ ተኝቷል" አልኩ።

"እሱ ደክሞት ነው።"

"እኔስ?"

እናቴ ጥጥ ትባዝት ነበር። የባዘተችውን ወደ እኔ ገፋ አደረገች።

በማግስቱ ሽማግሌዎች ተቀምጠው የሰው ክርክር ወደሚሰሙበት ሜዳ፣ ወደ ዱቡሻ ሄድኩ። ልጅ፣ ያውም ሴት ልጅ፣ እዚያ ቆማ አትናገርም። ተናገርኩ፤ ሁለታችንም ተኝተን ከትምህርት የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ፣ ያደከመኝም ውሃው ነው አልኩ። አባቴን አስጠሩት። ክርክሩ መሃል አንዱን ሽማግሌ ፀሐይ ሞቅ አድርጓቸው አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወደቀና ማንኮራፋት ጀመሩ።

"እሳቸውስ ደክሟቸው ነው ወይስ እንቅልፋም ናቸው?" አልኩ።

ሽማግሌው ባንነው "ይቺ ምላስ!" አሉና ከሁሉም በላይ እሳቸው ሳቁ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ፈረዱ፤ ውሃውን ከወንድሜ ጋር በየተራ እንድንቀዳ።

አባቴ የዱቡሻ ፍርድ አይጥስም። ወንድሜ እኩዮቹ እያሾፉበት እንስራ ተሸከመ። ስለ ትምህርቴ ግን አንድም ሰው አልፈረደም። አባቴን ስጠይቀው "ነገሩ አልቋል" አለ። አለቀ። ወንድሜ ውሃ እየቀዳ፣ ክፍል ውስጥ እያንቀላፋ፣ ተምሮ መምህር ሆነ። እኔ ተራዬ ባልሆነባቸው ጠዋቶች ተኛሁ። ያኔ ያለቀስኩ አይመስለኝም። ዛሬም ሳስበው እንደደነዘዘ እግር ነው፤ የራሴ መሆኑን አውቃለሁ እንጂ አይሰማኝም።

በዚያው እሁድ የልጅ ልጄ እያነበበች መጽሐፏ ላይ ክንብል አለች። አባቷ፣ ልጄ፣ ከጫሞ ሐይቅ ዓሣ ይዞ ሲገባ ተኝታ አገኛት።

"በጠራራ ፀሐይ ትተኛለች እንዴ? እማዬ፣ ቀስቅሻት እንጂ።"

"ተዋት" አልኩት። "ነገም ትምህርት አላት።"