በመምህር ዘውዴ ሣጥን የቀረው ደብዳቤዬ

የኮልፌው የእንግሊዝኛ መምህር፣ መምህር ዘውዴ፣ ባለፈው ሐሙስ ማለዳ ማረፋቸውን ለወዳጆቻቸውና ለተማሪዎቻቸው ሁሉ የማስታውቀው በሐዘን ነው። በንዴትም ነው፤ አልደብቅም። «ሙት ወቃሽ አትሁኚ» እንደምትሉኝ ስለማውቅ ከመልካሙ ልጀምር።

ተማሪዎቻቸው ጋሼ እንላቸው ነበር። በተከራዩአት ጠባብ ክፍል አመሻሽ ላይ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ አጻጻፍ ያስተምሩን ነበር። የላኪው አድራሻ በቀኝ በኩል ከላይ፣ ቀኑ ከሥሩ፤ መስመሩ ከተንሻፈፈ ወረቀቱ ይመለሳል። ለወዳጅ ለሚጻፈው «እዚህ እንደ ልብሽ አውሪ» ይሉ ነበር። ለመሥሪያ ቤት ሲሆን ግን «ኮትሽን ቆልፈሽ ግቢ!»

ልጇ መርከበኛ ሆኖ የጠፋባት ከከተማው ዳር፣ ከሳንሱሲ፣ አንዲት እናት ስታለቅስ ብትመጣ፣ ለልጁ አለቃ ሦስት ጊዜ ጽፈውላታል፤ ቴምብሩንም የለጠፉት ከራሳቸው ነው። በሰፈራችን የፖስታ ሣጥን የነበራቸው እሳቸው ብቻ ስለሆኑ የሁላችንም መልስ የሚመጣው በእሳቸው ቁጥር ነበር። የልጁ መልስ የመጣ ዕለት በዝናብ፣ በእግራቸው ሳንሱሲ ድረስ ወሰዱላት። እኔም መልሴን ስጠብቅ ያንን እያሰብኩ እጽናና ነበር።

እኔ ከብዙ ዓመት በፊት የጻፍኩት ለአንድ የነርሶች ትምህርት ቤት ነው። እንደ አገራችን ሰው ሁሉ ማመልከቻዬን የጀመርኩት በሰላምታ ነበር፤ «ጤናዎ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ብዬ። ጋሼ በቀይ እርሳስ ሰረዙት። «ፈረንጅ ለሥራ ሲጽፍ ጤና አይጠይቅም» አሉኝ። ስገለብጠው ግን የማላውቃትን ትልቅ ሰው ሰላም ሳልል መለመን ነውር መሰለኝና ሰላምታውን መልሼ አስገባሁት፤ ደብቄም ላክሁት።

ሦስት ወር ጠበቅሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከፖስታ ቤት ሲመለሱ በር ላይ እቆማለሁ፤ «የለም» ይሉኛል። በመጨረሻ ሰላምታውን መልሼ እንዳስገባሁት ነገርኳቸው። «እንግዲህ መልሱ ለምን እንደቀረ አወቅሽ» አሉኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ አመንኩ። ማመልከቱንም ተውኩት።

በሠልስቱ ዕለት ባለቤታቸው እትዬ በላይነሽ ወደ ጓዳ ጠሩኝ። «ለለቅሶው ፎቶግራፍ ስፈልግ ከልብስ ሣጥኑ ሥር አገኘሁት። የፈረንጅ ጽሑፍ ነው፣ አላውቀው። ያንቺ ይሆን?» አሉኝ።

የእኔ ነበር። በቢላ በደንብ ተከፍቷል። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ፣ እንግሊዛዊት፣ «ከአመልካቾች ሁሉ ጤናዬን የጠየቅሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ። አመሰግናለሁ፣ ደህና ነኝ። በመጪው ወር መጀመሪያ ነይ፤ ቦታ ይዘንልሻል» ብላ ጽፋልኛለች። «ደህና ነኝ» ካለችው ሥር የጋሼ ቀይ እርሳስ ተሰምሯል። ሴትዮዋንም አርመዋታል! እዚያው ጓዳ ውስጥ ሳቄ መጣ፤ ከዚያ ወረቀቱን እንደያዝኩ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

«ምነው ልጄ፣ ክፉ ነገር ነው?» አሉ እትዬ በላይነሽ።

«አይደለም እትዬ፣ የቆየ ነው» አልኳቸው። 

ለምን እንዳደረጉት መገመት አያቅተኝም። የጋሼ ዓይን መድከም የጀመረው በዚያው ዓመት ነው። የተማሪዎቹን ወረቀት የማነብላቸው እኔ ነበርኩ፤ ብሄድ ክፍሉ እንደሚዘጋ ያውቁ ነበር። እስከ ሞታቸው ድረስ አነበብኩላቸው። ተማሪዎቹ የሚጠብቁኝ ዛሬም እዚያችው ክፍል ነው።

ጋሼ፣ እጄን ይዘው ያስጻፉኝ እርስዎ ነዎት፤ ያንን ማንም አይወስድብዎትም። የሰው እናት እንባ አብሰው የእኔን ደብዳቤ ከልብስዎ ሥር መደበቅዎን ግን እንዴት ብዬ ልቻለው? ነፍስዎን ይማር የምለው ለጊዜው ደንብ ስለሆነ ነው፤ ከልቤ እስክለው ይታገሡኝ። መደበቅ ምን አስፈለገዎት? «ዓይኔ ደክሟል፣ አትሂጂብኝ» ቢሉኝ ኖሮ እቀር ነበር።