ለሽምግልና ሄጄ የገፋኋት መኪና

ነገሩ የሆነው ካቻምና ጥቅምት መጨረሻ ላይ ነው። ስልሳ ዘጠኝ ዓመት ስኖር ብዙ ጊዜ ተዋርጃለሁ፤ አብዛኛውን ረስቼዋለሁ። ይኼኛውን ያልረሳሁት አንድ ሙሉ ሰፈር ቆሞ እያየኝ ስለነበረና ጥፋቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ የራሴ ስለሆነ ነው። በሌላ ላሳብብ ብዙ ሞክሬ ነበር፤ የሚያምነኝ አላገኘሁም።

እኔ ሠላሳ አራት ዓመት የጭነት መኪና ነድቻለሁ። በጎማ ስስብ የዋጥሁት ናፍጣ ቢጠራቀም አንድ መኪና ከአርብ ገበያ ጎንደር ያደርሳል። ጡረታ ወጥቼ ጋይንት አገሬ፣ አርብ ገበያ ከተቀመጥሁ በኋላ ልጆቼ አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝተው ላኩልኝ። መጀመሪያ ቀን አስነሥቻት ድምፅ ብጠብቅ ዝም አለች። ተበላሽታለች ብዬ ወርጄ ኮፈኗን ከፈትሁ። ለካ ተነሥታ እኔን እየጠበቀች ነበር።

በሳምንቱ ግን ሰባኪዋ ሆንሁ። ሰው ሁሉ በማደያ ሰልፍ ሁለት ቀን ሲያድር እኔ ማታ ሰክቼ ጧት እነዳለሁ። በተለይ ጓደኛዬን ደምሌን መቀመጫ አሳጣሁት። ደምሌ ዕድሜውን ሙሉ መካኒክ የነበረ፣ አንዲት አሮጌ የቤንዚን ፒክአፕ ያለችው ሰው ነው። «ድምፅ የሌለው መኪና ሬሳ ነው» ይለኛል። «ያንተዋ ደግሞ አስም ያለባት አሮጊት ናት» እለዋለሁ። የእኔ ዘይት አትለውጥ፣ ሻማ አትለውጥ ስለው፣ ስትቆም ማን ይከፍታታል ይለኛል። ሚስቶቻችን ሁለታችንንም በአንድ ላይ የሚወስድ መኪና ቢመጣ ይሻላል ይላሉ።

እንዲህ ስንባባል የእኅቴ ልጅ አዲሱ ሚስት ሊያገባ ተነሣ። አዲሱ አርብ ገበያ አስተማሪ ነው። የወደዳት ትግስት የምትባል የመካነ ኢየሱስ ልጅ ናት፤ ነርስ ናት። ሁለቱ ተስማምተዋል፤ የቀረው አባቷ አቶ ፈንታሁን ናቸው። ሽማግሌ ሆነን የተላክነው ሦስት ነን፦ እኔ፣ ደምሌ፣ እና ጋይንት ቤተ ልሔም ገዳም ድጓ ሲያስተምሩ የኖሩት የኔታ። ሽምግልናውን የሚናገሩት የኔታ ነበሩ። እኔና ደምሌ ቁመን ፂማችንን እንድናሳይ ነው የሄድነው።

መጀመሪያ የሄድነው በአውቶቡስ ነው። በእኛ አገር ልጅ ሊለምን የሄደ ሽማግሌ ተቀመጥ ቢባል አይቀመጥም፣ ውሃ ቢሰጠው አይቀምስም፤ አባትዮው እሺ እስኪል ቆሞ ነው። እኛም ቆምን። አቶ ፈንታሁን በልጁ ላይ ነቀፋ የለኝም አሉ። የከበዳቸው ርቀቱ ነው። እናቷ ጉልበታቸውን ይታመማሉ፤ ከአርብ ገበያ በነፋስ መውጫ፣ በደብረ ታቦር ዞሮ መካነ ኢየሱስ ለመግባት ደግሞ ቀኑ ሙሉ አይበቃም። «ልጄን ሰጠሁ ማለት በዓመት አንዴ አየኋት ማለት ነው» አሉ። «አውቶቡሱን እንደሆነ አውቀዋለሁ፤ ነድቼዋለሁ።»

የኔታ ለመልስ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ እኔ ቀደምሁ። ማን ተናገር አለኝ? የኤሌክትሪክ መኪና አለኝ፣ ሰልፍ አታውቅም፣ ቤንዚን አትለምንም፣ ልጅቱን በየወሩ እናቷ ዘንድ አመጣታለሁ፣ ጧት ተነሥተን ለምሳ እዚህ ነን አልሁ። የኔታ በመቋሚያቸው እግሬን ወጉኝ፤ ቃሉ ግን ወጥቷል።

አቶ ፈንታሁን ለረጅም ጊዜ አዩኝ። «እንግዲያው በሚቀጥለው በእርሷ ኑ» አሉ። «መኪናዋን ላያትና እንነጋገራለን።»

የልጅ ትዳር በእኔ ባትሪ ላይ ተንጠለጠለ።

የቀጠሮው ዋዜማ ማታ መኪናዋን ሰክቼ ተኛሁ። ሌሊቱን መብራት ጠፍቷል። ጧት ስነሣ ከመቶ ስልሳ ስምንት ትላለች። ደምሌ መጥቶ ቁጥሩን አየና ፊቱ በደስታ በራ። በእኔዋ እንሂድ እንዳይል ግን እርሱም ከሰልፍ ባዶውን ከተመለሰ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሁለት የመኪና ዐዋቂዎች፣ ሁለት መኪና፣ ግማሽ መንገድ የሚያደርስ ጉልበት። አውቶቡሱ ደግሞ ሄዷል።

በቃ ትበቃናለች ብዬ ተነሣሁ። በሜዳው ጥሩ ሄደች። ጉና ሥር ስንደርስ ብርዱ የኔታን አንቀጠቀጣቸው፤ ማሞቂያውን ከፈትሁላቸው። ማሞቂያው ባትሪዋን ማሳ እንደገባ በግ ጋጠው። ደምሌ ከኋላ ሆኖ ቁጥሩን እንደ ሐዋርያት ሥራ ጮክ ብሎ ያነብባል። ሠላሳ ሁለት ሲል ማሞቂያውን ዘጋሁት። የኔታ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡት።

ደብረ ታቦር ላይ ደምሌ ልክ የሆነ ነገር ተናገረ። በሕይወቱ ከተናገራቸው ልክ ነገሮች አንዱ ነው። ሁለት ሰዓት ቆመን እንሙላት፣ ማርፈድ ይሻላል አለ። እኔ ሽማግሌ አርፍዶ ልጅ አይለምንም፣ ደግሞ ወደፊት ቁልቁለት አለ፣ በቁልቁለት ራሷን ትሞላለች ብዬ አለፍሁ። ሞላች፤ ውሸት አልተናገርሁም። ከቁልቁለቱ ቀጥሎ ዳገት እንዳለ ግን ሠላሳ አራት ዓመት ሹፌር የነበረ ሰው ማወቅ ነበረበት።

መካነ ኢየሱስ ልንገባ ስንል ከመሪው ፊት የኤሊ ሥዕል በራ።

«ይህች ኤሊ ምንድን ናት?» አለ ደምሌ።

«ምልክት ናት።»

«የምን?»

«የእኔ» አልሁት።

ባትሪዋ ሊያልቅ ሲል ራሷን ታዘገያለች፤ ከዚያ ወዲያ እግራችን ይሻል ነበር። ገብስ የጫኑ አህዮች አልፈውን ሄዱ። አንዱ ገበያተኛ በመስኮት ጎንበስ ብሎ እግዜር ያበርታችሁ አለን። ከአቶ ፈንታሁን በር ሃምሳ እርምጃ ያህል ሲቀር ጭራሹን ቆመች። መግፋት ነው። መሪውን የሚይዝ ጠፋና የኔታን አስያዝናቸው። ዳዊት እየደገሙ ግራና ቀኝ ሲያወዛውዟት እኔና ደምሌ ከኋላ ነጠላችን መሬት እየጠረገ ገፋናት። ቀና ስል አቶ ፈንታሁን እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በራቸው ላይ ቆመዋል። ጎረቤቱም በየአጥሩ ወጥቷል።

መኪናዋን ግቢው ውስጥ ትተን ቤት ገብተን ቆምን። የኔታ ሁሉን ነገር ረስተው ቃሉን እንደ ወጉ አሳምረው ተናገሩ። አቶ ፈንታሁን አዳምጠው ሲያበቁ እንዲህ አሉ፦

«መኪናዋን ላያት ብዬ ነበር። ስትገፏት አየኋት። በሉ በሁለት ሳምንት ተመለሱ፤ እናስብበት።»

በእኛ ቋንቋ ይህ እምቢ ማለት አይደለም፤ ግን የእምቢ ጎረቤት ነው። እጅ ነሥተን ወጣን።

ወጣን እንጂ የት እንሄዳለን? ግቢው መሐል ላይ ቆምን። ደምሌ ጎማዋን በእግሩ ነካ ነካ አደረገ። ትንሽ ቆይተው አቶ ፈንታሁን ብቅ አሉ። ፊታቸው ተለውጧል። ሽማግሌ መልስ ሲያጣ ደጅ ተኝቶ እሺ እስኪባል አልሄድም የሚልበት ጊዜ አለ፤ እኛም ያንን የያዝን መስሏቸዋል።

«ምነው? ደጅ ልትጠኑኝ ነው?»

አይደለም አልሁ። መኪናዋ መሞላት አለባት፣ ሶኬት ቢፈቅዱልኝ አልሁ።

እርሳቸውም ጭንቅ ያዛቸው። «ቤቴ ገብታችሁ መብራቴን ወሰዳችሁ ማለት ተስተናገዳችሁ ማለት ነው» አሉ። «ሽማግሌ ተስተናገደ ማለት ልጄን ሰጠሁ ማለት ነው። ይሄ ሁሉ ሰው እያየ!»

ደምሌ መብራት እህል አይደለም ብሎ ሊረዳኝ ሞከረ። የኔታ ግን ውሃስ እህል ነው ወይ፣ ሆኖም ሽማግሌ አይቀምሰውም ብለው በእኔው ላይ ፈረዱ። የአዲሱ ፊት መጣብኝ። አንድም ተንኮለኛ ነን፣ በባትሪ አሳብበን ልጅ ልንወስድ፤ አንድም ሞኝ ነን፣ ጎዳና ላይ ልናድር። ሞኝነቱን መረጥሁ። እንገፋታለን፣ ሌላ ቤት እንለምናለን አልሁና ወደ ኋላዋ ዞርሁ።

የኔታ በመቋሚያቸው አስቆሙኝ። ሁለታችንን ከበሩ አስወጡን፤ መኪናዋ እዚያው ቀረች። አጥሩን ተደግፈን አንድ አቡነ ዘበሰማያት የሚያስደግም ያህል ቆየን። ከዚያ የኔታ ተመልሰው በሩን አንኳኩ።

«ቤቶች! የእግዚአብሔር እንግዶች ነን።»

ከውስጥ የአቶ ፈንታሁን ድምፅ፦ «ቤት የእግዚአብሔር ነው። ከወዴት ናችሁ?»

«ከጋይንት የመጣን መንገደኞች ነን። አጋሰሳችን ደክማብን ነው።»

አጋሰሷ ግቢያቸው ውስጥ ቆማለች። አቶ ፈንታሁን ሳቅ ሊያመልጣቸው ሲል ከንፈራቸውን ነክሰው ያዙት። «ግቡ፤ ለመንገደኛ አይከለከልም» አሉ። የኔታም በጆሯችን ሕግ አወጡ፤ የልጅቱን ስም ያነሣ እንግዳ አይደለም። ሽማግሌዎቹ ሄደዋል።

ማራዘሚያ ገመድ በመስኮት ወጣልን። ሰክቼ ተመስገን ብዬ ሳልጨርስ መብራት ጠፋ። አቶ ፈንታሁን ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ የሳቁት። ጣሪያ ሥር ሸራ የለበሰች የራሳቸው የቤንዚን መኪና አለች፤ ነዳጅ ጠፍቶ ስትቆም ጎማዋ መሬት ነክሷል። ሦስት አሮጌ ሹፌርና መካኒክ በሁለት የማይሄዱ መኪኖች መሐል ቁጭ ብለን የትኛዋ ለዕለት ተዕለት ትሻላለች ብለን ተከራከርን። የሚያየን ምን ይል እንደነበር አላውቅም። እኔ ለገበያና ለቤተ ክርስቲያን ደርሶ መልስ የእኔን የሚያህል የለም አልሁ። አቶ ፈንታሁን ከዚህ ስማዳ በሚወስደው መንገድ በክረምት፣ በዚያ ጭቃ፣ ከነዳጅ ሌላ አላምንም አሉ። ነዳጁ ግን የት አለ ስላቸው፣ መብራቱስ የት አለ አሉኝ።

«የእኛ በጀሪካን ይመጣላታል» አለ ደምሌ። «መብራት በጀሪካን ሲመጣ አይተህ ታውቃለህ?»

ተነሥቼ መብራት መጣ እንደሆን ገመዱን አየሁ።

በዚህ መሐል የልጅቱ እናት እትዬ ጥሩነሽ በምርኩዝ ወጥተው መጡ። መኪናዋ ውስጥ ልቀመጥ አሉ። ደግፌ አስቀመጥኋቸው፤ በሩን ዝጋው አሉኝ። በመስታወቱ ሳያቸው አፍንጫቸውን ያነሣሉ፣ ያሸታሉ። ብዙ ቆዩ። ስከፍትላቸው «ይህች አትሸትም» አሉ፤ እንደ መቆጣት ነበር።

ምክንያቱን አቶ ፈንታሁን ነገሩን። ባለቤታቸው የነዳጅ ሽታ አይችሉም። ሎሚ አፍንጫቸው ላይ ይዘው እንኳ ደብረ ታቦር ሳይደርሱ ያስመልሳቸዋል። እኅታቸው ነፋስ መውጫ ስትሞት ለቅሶ አልደረሱም። ከዚያ ወዲህ ከመካነ ኢየሱስ ወጥተው አያውቁም። ጉልበቱ ሰበብ ነው፤ አውቶቡስ ሹፌር አግብቶ አውቶቡስ አልችልም ማለት አሳፍሯቸው ነው።

ወደ ማታ መብራት መጣ፤ እዚያው አደርን። ጧት ስወጣ መኪናዋ ሞልታለች፤ እትዬ ጥሩነሽም ነጠላቸውን አጣፍተው ከኋላ ተቀምጠዋል። ትንሽ ንዳልኝ አሉ። አቶ ፈንታሁን ከፊት ገቡ። በደብረ ታቦር መንገድ እስኪበቃቸው ነዳሁ። ሴትዮዋ አጨዳ የደረሰውን ገብስ በመስኮት ሲያዩ ቆዩ፤ ሎሚም አልያዙም። ስንመለስ ጠየቁኝ።

«መንገደኛው፣ በዚህች አርብ ገበያ ስንት ቀን ነው?»

አፌ ለምሳ እንደርሳለን ሊል ተከፍቶ ነበር። ያዝሁት።

«መብራት ካለ አንድ ቀን ነው እትዬ። ከሌለ አላውቅም።»

አቶ ፈንታሁን ወደ መንገዱ እያዩ «አሁን እውነት ተናገረ» አሉ።

በሁለት ሳምንት በአውቶቡስ ተመለስን፤ ቆምን፤ እሺ ተባልን፤ ተቀመጥን። አንድ ነገር ብቻ ጨመሩ። ልጅቱ በየወሩ መምጣቷ ይቅር፤ እናቷ ግን በየወሩ ትሂድ።

ይኸው አሁን የእትዬ ጥሩነሽ ሹፌር ነኝ። ጡረታዬ የት እንደገባ አላውቅም። መካነ ኢየሱስ ሄጄ መብራት እጠብቃለሁ፣ አመጣቸዋለሁ፣ ደብረ ታቦር ቆሜ እሞላለሁ፣ በመልሱም እንዲሁ። ቀስ በል ይሉኛል፤ ቀስ ስል አህያ ቀደመን ይሉኛል። ማሞቂያ ይወዳሉ። ደምሌ ነዳጅ ባገኘ ሳምንት ጡሩምባውን እየነፋ ያልፈናል፤ እርሳቸው አፍንጫቸውን ይይዙና እኔን ይቆጡኛል፤ የእርሱንም የነዳሁት እኔ ይመስል።

ባለፈው ወር ትግስት ወልዳ እትዬ አርብ ገበያ ሰነበቱ። መብራት ሦስት ቀን ጠፋ፤ መመለሻቸው አለፈ፤ ባላቸው ስልክ እየደወሉ ጮኹብኝ። በአራተኛው ቀን መብራት ሲመጣ ልሰካ ሮጥሁ። የመኪናዋ መሙያ ገመድ የለም። ከኋላ አየሁ፣ ከወንበር ሥር አየሁ፣ ደምሌን ጠረጠርሁ፣ ተጣላሁትም። ማታ አራሷን ልጠይቅ ገብቼ ስቀመጥ ገመዱን አየሁት፤ እትዬ ከሚተኙበት አልጋ ሥር ተጠቅልሎ፣ በነጠላቸው ተሸፍኖ፣ ጫፉ ወጥቷል። እርሳቸው ሕፃኑን አቅፈው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል።

ለአቶ ፈንታሁን ደውዬ መብራት ገና አልመጣም አልኋቸው።